በኮምፒውተር ውስጥ ስለተገኘው የባለቤቴ እርሻ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ከመታወቂያቸው ላይ ተመዝግቧል፤ በሰፈሩ ጋሽ ፌዞ ይባላሉ
ዕድሜ፦ ሰባ ስምንት
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር
አድራሻ፦ ከገበያው ጀርባ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ
ከከሳሿ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ አባት
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ግንኙነት፦ ደንበኛ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ረቡዕ ጠዋት፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተገለጽሁት ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ፣ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያልገባኝንም እንዳልገባኝ አድርጌ ቃሌን ሰጥቻለሁ። መርማሪዋ ቀልድ እንዳልቀላቅልበት አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል። እኔም እሞክራለሁ ብያለሁ።

የልጅ ልጃችን ለትምህርት ከቤት ሲወጣ መሳቢያ ውስጥ ትቶት የሄደ አንድ የእጅ ጌም ነበር። ሟች ባለቤቴ ጉልበቷ ደክሞ ደረጃ መውረድ ሲያቅታት ይህንኑ አንስታ መጫወት ጀመረች። በውስጡ የሚሰካው ካሴት እርሻ የሚታረስበት ጨዋታ ነው። ይዘራበታል፣ ከብት ይረባበታል፣ ዝናብም ይዘንብበታል። እርሻዋን እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ድረስ አልተወችውም። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ የማይበላ ጎመን ለምን እንደምታጠጣ እየጠየቅሁ አበሽቃት ነበር። እሷም መልሳ፣ «የሚያርሰውን በሬ ባንተ ስም ሰይሜዋለሁ፤ እንዳንተው ጉልበታም ነው» ትለኝ ነበር። ይህ ደስ ይለኝ ነበር። ስክሪኑ ትንሽ፣ ዓይኔም ደካማ ስለሆነ ግን በሬውን ለይቼ አይቼው አላውቅም።

ከሞተች ወዲህ አልጫወትበትም። ከፍቼ፣ ቤቱንና በሩ ላይ የተከለችውን አበባ አይቼ እዘጋዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው በጨዋታው ውስጥ ያለው ሰዓት ቆሞ አገኘሁት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ወሰድሁት። ይህ ልጅ ሁለት መነጽር ደርቦ ስለሚሠራ ሰፈሩ አራት ዓይናው ይለዋል።

አራት ዓይናው ካሴቱን አይቶ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባትሪ አለች። እርሻው ሳይጠፋ የቆየው በእሷ ነው። አሁን እያለቀች ነው። እሷን ከመንቀሌ በፊት እርሻውን ኮምፒውተር ላይ እቀዳዋለሁ፤ አዲስ ባትሪ ከበየድሁ በኋላ እመልሰዋለሁ።» እኔም፣ ባለቤቴ በሕይወቷ ሳለች መሬቷን ለማንም አሳልፋ የምትሰጥ ሴት እንዳልነበረች ነግሬው ተስማማሁ። መስማማቴ ይመዝገብልኝ። ይህን ጊዜ አልቀለድሁም።

ከዚያ ካሴቱን አዳፕተር በሚባል፣ ካሴት የሚጎርስ አፍ ባለው ዕቃ ላይ ሰክቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ጥቂት ቆይቶ እርሻው ተቀድቷል አለኝ። ለጥንቃቄም ሌላ ቅጂ ፍላሽ ካሴት ላይ አደረገ። ፍላሽ ካሴት ማለት ብዙ ጨዋታ ባንድ ሆድ የሚይዝ ካሴት ነው። እስከዚህ ድረስ ገብቶኝ ነበር። እሳት ከጎረቤት ሲጫር የጎረቤት ምድጃ አይጎድልም። ነገር ግን አንድ እርሻ ሦስት ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሦስቱም ጋ ይዘንብ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «የተከፈተው ጋ ብቻ» አለኝ። ከዚህ በኋላ ያለው አልገባኝም።

አራት ዓይናው ካሴቱን ፈትቶ ባትሪዋን ነቀለ። ቀጥሎ ቅጂው መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ኢሙሌተር የሚባለውን ከፈተ። ይህ ኮምፒውተሩን «እኔ ትንሽ የእጅ ጌም ነኝ» ብሎ እንዲያስመስል የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። የባለቤቴ ቤት ከነአበባው በትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። እኔ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ስለነበር ከአበባው ሌላ አልታየኝም። ልጁ ወደ በረቱ ገባና ድንገት ሳቀ። ምን እንዳሳቀው ጠየቅሁት። «ምንም፣ ጋሼ» አለኝ። አፉን በእጁ ይዞ ግን መሳቁን አላቆመም።

በዚህ መካከል ታላቋ ልጄ፣ የአሁኗ ከሳሽ፣ ከሥራ ስትወጣ እኔን ወደ ቤት ልትወስደኝ መጣች። ስክሪኑን አየችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ይሄ የእማዬ እርሻ አይደለም?»

«አዎ እህቴ፣ ቅጂው ነው።»

«እና ምን ያስቅሃል?»

ልጁ ሁለቱንም መነጽር አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ከአፌ አምልጦኝ፣ «እናትሽን እዚህ ውስጥ አስገብተናት፣ ደጅ ደጁን እያየች ነው» አልኋት።

«አባዬ፣ በእሷ እንኳ ትቀልዳለህ?»

ወዲያው ስለ ባትሪዋም፣ ስለ ቅጂውም፣ ስለ ጎረቤት እሳትም በቁም ነገር አስረዳኋት። አላመነችኝም። ቤተሰቤ ፈጥኖ የሚያምነኝ ስቀልድ ነው፤ ቁም ነገር ስናገር ግን ቀልዱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ልጁ ገና እንዳልጨረሰ እየነገራት ካሴቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ እኔንም ክንዴን ይዛ ወጣች።

ቤት ደርሰን ካሴቱን ጌሙ ውስጥ ስትከተው ቤት የለም፣ በረት የለም። አዲስ እርሻ እንድትጀምር ብቻ ጠየቃት። ደጋግማ አወጣችው፣ እፍ አለችበት፣ መለሰችው። «ባዶ ነው፣ አባዬ። አበባዋ እንኳ የለችም» ብላ አለቀሰች። እኔ ቅጂ አለ ብላት፣ «ቅጂው የሚስቅባት ሰው እጅ ነው ያለው» አለችኝ። በማግስቱ ማክሰኞ ወደዚህ ጣቢያ መጥታ ተሰርቀናል ብላ አመለከተች። ፖሊስም ልጁን ያዘ፤ ኮምፒውተሩን፣ አዳፕተሩንና ፍላሽ ካሴቱን ደግሞ በኤግዚቢትነት ወሰደ።

ዛሬ የመጣሁበት ምክንያት የሚከተለው ነው። የኤግዚቢት ክፍሉ ኃላፊ፣ በኮምፒውተሩና በፍላሽ ካሴቱ ላይ ያሉት ጨዋታዎች ያለ ፈቃድ የተቀዱ ስለሆኑ እንደሚደመሰሱ ለልጄ ነግረዋታል። እሷም ይህን እንደ ድል ይዛ ቤት ገባች። እኔ ስለ ቴክኒኩ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ካሴቱ ባዶ ከሆነና ቅጂውም ከጠፋ ባለቤቴ የትም እንደማትኖር ይገባኛል። ልጁም ሳያጠፋ ታስሯል።

መርማሪዋ፣ «እርሻው ከካሴቱ ወጥቶ ከሆነ ተወስዷል፤ ካልወጣ ደግሞ ካሴቱ ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳይወጣ እንደወጣ፣ ከወጣ በኋላም እንደነበረ፣ ባትሪዋ ስትነቀል ግን የነበረው እንደጠፋና የወጣው እንደቀረ መለስሁ። መርማሪዋ ወረቀት ላይ ሳጥን ሳሉ፣ ቀስት አወጡለት፣ ከዚያ ቀስቱን ሰረዙት። ሁለታችንም ግራ መጋባታችን እንዲጻፍ ጠይቄ ነበር፤ የእኔ ብቻ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ እርሻው የባለቤቴ ስለመሆኑ ከቤተሰብ በቀር ሌላ ሰው የማያውቀው ምልክት እንዳለ ተጠየቅሁ። የሚያርሰው በሬ በእኔ መጠሪያ፣ ፌዞ ተብሎ መሰየሙን ተናገርሁ። ይህም አስቀድሞ ተጻፈ። ልጄም ተጠርታ መጣችና ኮምፒውተሩ እሷ፣ እኔና መርማሪዋ ባለንበት ተከፈተ። አራት ዓይናው ከእስር ክፍል መጥቶ ኢሙሌተሩን አስነሳ። ቤቱ ወጣ፤ አበባውም አለ። ልጄ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ወደ በረቱ ሲገባ መርማሪዋ በበሬው ላይ የተጻፈውን ጮክ ብለው አነበቡ። ፌዞ አልነበረም። ባለቤቴን እናቷ በልጅነቷ የምታቆላምጥበት ስም ነበር። የምስክርነቴ ነገር እንዳበቃለት ተሰማኝ። አራት ዓይናው አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ ወደ በረቱ ጥግ እንዲሄድ አዘዙት። በዚያ ጥግ አንድ አህያ በጠራራ ፀሐይ ተጋድሞ ተኝቷል። ቁልፍ ሲነካ ስሙ ወጣ። ፌዞ ይላል። ከስሙ ሥር ሥራ የሚል ቦታ አለ፤ እሱ ባዶ ነው።

ልጄ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ አህያውን አየች። ከዚያ እናቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ አይቻት በማላውቀው ሁኔታ ሳቀች። «እማዬ ናት። ሌላ ሰው እንዲህ አያደርግም» ስትል ተመዝግቧል። ሰኞ ዕለት ስለሳቀበት ምክንያት ለምን እንዳልተናገረ ልጁ ሲጠየቅ፣ «ታዲያ እንዴት ብዬ ጋሼን ፊት ለፊት አህያ ነዎት ልበላቸው?» ብሏል። ይህን ላለመናገር አንድ ሌሊት ታስሮ አድሯል። ልጄ «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» ብላ ክሷን እንደምታነሳ ገልጻለች።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር። ባልዬው ራሱ አህያ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። በነበረችበት ዘመን ሁሉ እኔ እሷን የማበሽቅ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ቅጂው እንዳይደመሰስ፣ ልጁ እንዲለቀቅና ኮምፒውተሩ እንዲመለስለት፣ ካሴቱም አዲስ ባትሪ ተበይዶለት እርሻው ወደ ቦታው እንዲገባ እጠይቃለሁ። ሲመለስም የአህያው ስም እንዳይነካ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። የገባኝም ያልገባኝም እውነት ነው። የተቀለደበትም ቦታ ቢኖር የቀለደችው እኔ ሳልሆን ሟች ባለቤቴ መሆኗን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፌዞ
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ (ፊርማ)
በቦታው የነበረች ከሳሽ፦ (ፊርማ)