ውሃ የማይጠጡት ልብስ ሰፊ

በግንቦት ወበቅ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ የሰጠሁትን ሱሪ ለመውሰድ ዶሮ ማነቂያ ጋሽ እምሩ ልብስ ስፌት ቤት ጎራ አልሁ። ጋሽ እምሩ ልጃቸው አባይነህ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላቸውም። የስፌት መኪናቸውን ጥቂት ይረግጡና ይነሣሉ፤ በር ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ፤ ሬዲዮኑን ከፍተው ወዲያው ይዘጉታል። ያን ቀን ግን ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ላብ በላብ ሆነው አገኘኋቸው።

የጎረቤታቸው የባለሱቁ የአቶ ሲራጅ ልጅ ነጂባም ለማስጠበብ ጋዋን ይዛ ገብታለች። የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ በቅርቡ ሥራ የጀመረች ልጅ ናት።

«አባባ እምሩ፣ ምን ሆነው ነው?» አለቻቸው።

«ኩላሊት ነው አሉኝ፤ ጠጠር አለው። መድኃኒት ፍለጋ ብሄድ ሐኪሙ ውሃ አዘዘልኝ።»

«ታዲያ ይጠጣሉ?»

«ሻይ እጠጣለሁ። ሲመሽ አንድ መለኪያ አረቄ አለች። ውሃማ ምን ጣዕም አለው ብለሽ ነው፣ ልጄ?»

ነጂባ ደም በኩላሊት እንዴት እንደሚጣራ ታስረዳ ጀመር። ገና ስትናገር ጋሽ እምሩ ተነሥተው በር ላይ ቆሙ። የእኛ የተማርነው ሰዎች ጥፋት ይህ ነው፤ ሰሚው ጥሎን ሲሄድ እንኳ ንግግራችንን አናቋርጥም።

«ለምን እንደማይጠጡ ጠይቂያቸው እንጂ» አልኋት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ጠየቀቻቸው።

«የበርሜል ውሃ ዝገት ዝገት ይለኛል፤ ጉሮሮዬ አይቀበለውም።»

«ሌላስ?»

«ሌላው ለሴት ልጅ አይነገርም።»

«እኔ ነርስ ነኝ፣ አባባ። የማልሰማው ነገር የለም።»

ጋሽ እምሩ ወደ እኔ አዩ። «መጸዳጃ ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው፤ ሰልፉን ታውቀዋለህ፣ መምህር። ውሃ ከጠጣሁ ስመላለስ መዋሌ ነው። እዚያ ቆሜ ሳለሁ የአባይነህን ወሬ የያዘ ሰው መጥቶ፣ ቤቴ ተዘግቶ አግኝቶ ቢመለስስ?»

ለካ ሰውየው ጥማቱን ችለው የሚውሉት ልጃቸውን እየጠበቁ ኖሯል።

«ጠጠሩ ከባሰ ሆስፒታል ይተኛሉ» አለች ነጂባ፣ ረጋ ብላ። «ያን ጊዜ ቤቱ ተዘግቶ የሚውለው ለአፍታ አይደለም። እርስዎ ሲወጡ አባቴ በሩን ያይልዎታል፤ ግድግዳ ለግድግዳ አይደለንም እንዴ?»

«ዝገቱስ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

በማግስቱ ውሃ አፍልታ፣ አጥልላና አቀዝቅዛ በአዲስ ማሰሮ አመጣች፤ ማሰሮውንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችላቸው። በብርጭቆ ቀድታ አንድ ስንጥቅ ሎሚና እናቷ ወይዘሮ ረሂማ በጣሳ ያበቀሉትን ናና ጣል አደረገችበት። ጋሽ እምሩ አሸተቱት።

«ይህ ሻይ ነው ወይስ ውሃ?»

«ውሃ ነው። ሳይጠማዎ በየጊዜው ፉት ይበሉት።»

ቀመሱት፤ ፊታቸውን ግን አላጨማደዱም። «ቀዝቃዛ ነው» ብለው ብርጭቆውን ጨረሱት።

ጭንቁ የመጣው በኋላ ነው። መውጣት ግድ ሲሆንባቸው ደፉ ላይ ቆመው ወዲያና ወዲህ አሉ። አቶ ሲራጅ በርጩማቸውን በሁለቱ በሮች መካከል አስቀምጠው «ይሂዱ፣ እኔ አለሁ» አሏቸው። እየሮጡ ሄዱ፤ እየሮጡ ተመለሱ።

«የመጣ ሰው አለ?»

«የለም።»

እንዲህ እያሉ ለመዱት። አንድ ቀን ጠጠሩ በብርቱ ሥቃይ ወጣላቸው። ከዚያ በኋላ ወገባቸው ቀና፤ ከሰዓት በኋላ ይይዛቸው የነበረው ራስ ምታት ተዋቸው፤ አረቄውንም ትተው መለኪያውን ከመደርደሪያው አነሡት። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው የፈላ ውሃ፣ ሸክላ፣ ሎሚና ቅጠል፣ በር የሚጠብቅም ጎረቤት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሄጄ ሳለሁ ጋሽ እምሩ ወጥተው ነበር። ለፈቃድ የመጣ መብራህቱ የሚባል ወታደር አቶ ሲራጅ ዘንድ ተቀምጧል፤ ከአባይነህ ጋር በአንድ ጦር ውስጥ ነው። ጋሽ እምሩ ሲመለሱ የወታደር ልብሱን አይተው ደፉ ላይ ቆሙ።

«ደህና ነው፣ አባባ» አላቸው መብራህቱ ቶሎ ብሎ። «ሰላም ብሎዎታል።»

ጋሽ እምሩ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡና አለቀሱ። ከዚያም በገዛ እጃቸው ከማሰሮው ቀድተው ለእንግዳው ሰጡት። እሱም ጠጥቶ ሲነሣ «ስመለስ ለአባይነህ ምን ልበልልዎ?» ሲል ጠየቃቸው።

ጋሽ እምሩ ማሰሮውን ከደኑ። «አባትህ ደህና ነው በለው። ደግሞ፣ በረሃ አይደል ያላችሁት፣ ውሃ እንዳይተው ንገርልኝ።»