በየሳምንቱ የሚታደሰው ኮምፒውተር

ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አንለይ ፍላሼን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ፣ «ፈንታ፣ አንተም ኮምፒውተርህም ታማችኋል፤ ቫይረሳችሁን ወደዚያ» ብሎ በባለጉዳይ ፊት አሳቀብኝ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ አሥራ አምስት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀኑን አልረሳሁትም።

ዘንድሮ ደግሞ ያው አንለይ የወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን የመሬት ይግባኝ በዚያው ሰበብ መለሰብኝ። ሴትዮዋ ከይጁቤ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው። የይግባኙ ጊዜ በማግስቱ ያልቃል፤ ኮምፒውተሬ ደግሞ ጽሑፉን አልከፍትም አለ። ላፕቶፔን ታቅፌ ከዝናብ ስሸሽ፣ የጎረቤቴን ልጅ እስከዳርን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አገኘኋት። የኮምፒውተር መምህርት ናት።

ነገሬን ሰምታ፣ «ጋሽ ፈንታ፣ ዊንዶውሱን አንስቼ ለምን ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት አልጭንልዎትም?» አለች።

«ስንት ነው?»

«በነፃ ነው።»

ነፃ ሲሉኝ ኪሴን መያዝ ልማዴ ነው። «ለማያውቀው ሰው በነፃ የሚለፋ ማን ነው? ምኔን ፈልጎ?»

«አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የተደበቀ ነገር ቢኖር የሚያውቅ ሰው ያየዋል። ይኼኛው ዓይነት ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ እንደ አዲስ አይጫንም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይታደሳል።»

«ገና አላለቀም በያ። ያለቀ ነገር ማን ይነካካዋል?»

«የቤትዎ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ያኔውኑ ይመርጉታል ወይስ ቤቱ እስኪወድቅ ይጠብቃሉ?»

«ምርጊቱ ራሱ ቢያበላሸውስ?»

«የቀድሞውን አስቀምጦ ነው የሚታደሰው። ወደ ትናንቱ ይመልሱታል።»

«ኔትወርክ ሲጠፋስ? የት አገር እንዳለሽ ረሳሽው?»

«ያለው ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይታደሳል።»

«ተይኝ እስቲ፣ ይኼ ለእናንተ ለተማራችሁት ነው።»

«ለጀማሪ የተሠራ ነው። ሳልጭነው ከራሴ ፍላሽ ላይ ልክፈትልዎት፤ ካልወደዱት ነቅለው ይጥሉታል። አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ፤ ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቅዎት እንዳይነፍጉት።»

«እሺ» አልኳት፣ ለመገላገል ያህል። ዓይኔን ግን ከእጇ ላይ አላነሳሁም። ጥቂት ቆይቶ የወለተ ሚካኤል ይግባኝ ከነፊደሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ያኔ «ጫኚው» አልኳት። ፍላሼንም አጽድታ ሰጠችኝ። በማግስቱ አንለይ ፍላሼን ሦስት ጊዜ መርምሮ፣ የሚለው ቢያጣ ይግባኙን መዘገበ።

ይኸው አራት ወር ሆነ። ያ ካርቶን ሊገባ ነው ያልኩት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ገና ሳልቀመጥ ይነሳል። ጠጋኝ ቤት መመላለስ ቀረ፤ ባለጉዳይም ጽሑፉ ጠፋ ተብሎ አልተመለሰብኝም። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ቁልፍ ተጭኜ አድሰዋለሁ፤ ይኼን ያህል ነው ጣጣው። እንደኔ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፣ መጠርጠሩን ሳይተው ሞክሮ ይየው እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ መዝገብ ቤት ገባሁ። የአንለይ ኮምፒውተር ቀጥ ብሏል፤ ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሷል። አንለይ አንገቱን ወደኔ አስግጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ ፈንታ፣ ያንን የርስዎን ማን ጫነልዎት?» አለኝ።

ጋሽ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ለእስከዳር የገባሁላት ቃል ትዝ አለኝ። ወረፋውንም አየሁት፤ ወለተ ሚካኤል ከመሃል ቆመዋል።

ያ የሰኔ ሰኞ ግን በለጠብኝ፤ ፍላሼን ኪሴ ከተትኩና ሳልመልስለት ወጣሁ።