«ዘጠነኛው አውቶቡስ» የተመታበት ድቤና የጠፋው ጊታር

የምስክሩ ስም፦ ግርማቸው አንተነህ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር
አድራሻ፦ ኢስትሙር፣ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
ከተጠርጣሪው ከጁነዲን ይማም ጋር ያለው ዝምድና፦ የእናቱ ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ማክሰኞ ኦክቶበር 14፣ 2025፣ በምስክሩ መኖሪያ ቤት
ቃሉን በአማርኛ የተቀበለው፦ ኦፊሰር አምሃ

ስለ ጊታሩ ከመናገሬ በፊት አንድ አቤቱታ አለኝ። ይህ በየቦታው የሚሰማው «ዘጠነኛው አውቶቡስ» የተባለ ዘፈን የሚቆየው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ሱሪውን አስተካክሎ፣ ትከሻውን ማሟሟቅ ሲጀምር ያልቃል። ኦፊሰሩ ይህ በኦሃዮ ሕግ ወንጀል እንዳልሆነ ገልጾልኛል። ቢሆንም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ዘፈኑን የሠራው «ግራጫ ካፖርት» የሚባል ባንድ ነው። የባንዱ መሪ ሊዮን እንግሊዛዊ ሲሆን የሚኖረው እዚሁ ኮለምበስ አጠገብ ጋሃና በምትባል ከተማ ነው። የሚጫወቱት ብሪትፖፕ የሚባለውን የአገሩን ሙዚቃ ነው፤ እኔ እንደገባኝ ካፖርት ለብሶ ስለ ዝናብ በጊታር መነጫነጭ ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው አንድርያስ የሚባል የእኛው አገር ልጅ ነው። ድራም የሚመታው የእህቴ ልጅ ጁነዲን ነው። ጁነዲን ከእኔ ጋር ይኖራል፤ የሚሠራው ሪከንባከር ኤርፖርት አጠገብ ባለ ዌርሃውስ፣ በዕቃ መጋዘን ነው።

ባለፈው ኤፕሪል በሊዮን ጋራዥ ውስጥ ይህንኑ ዘፈን ሲቀዱ አልሆን አላቸው። ጁነዲን ኮል አደረገልኝና ደሴ ያለችው እናቱ የላከችለትን የሠርግ ድቤ እንዳመጣለት ለመነኝ። ድቤውን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ቀበቶ አስሬለት ወሰድኩ። ጁነዲን ድቤውን እየመታ አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረ። ሊዮን ጊታሩን አስቀምጦ አዳመጠና «እስቲ እንደገና» አለው። ዛሬ ሰዉ ሁሉ አብሮ የሚዘፍነው አዝማች ያ ዜማ ነው። ይህን ያየሁት እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነው።

ዘፈኑ ሊለቀቅ በተቃረበበት ሰሞን ሊዮን እዚህ ቤት እራት በልቷል። እየበላን ሳለ ጁነዲንን «በደራሲነት ስምህን ከስሜ ጋር ላስገባው?» ብሎ ጠየቀው። ጁነዲን አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ተወው፣ እኔ ምን ሠራሁና» አለ። ልጁ ያደገው በእኛ ወግ ነው፤ ሲሰጡት እምቢ ይላል፣ ሲለምኑት ይቀበላል። ስለዚህ ሊዮን ደግሞ እስኪጠይቀው ጠበቅኩ። ጁነዲንም ጠበቀ። ሊዮን «ኦኬ» ብሎ ወደ ጥብሱ ተመለሰ።

ዘፈኑ በጁላይ ተለቀቀ። ወር ሳይሞላው ሬዲዮው ሁሉ እሱ ብቻ ሆነ፤ የማመላልሳቸው ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ሻንጣቸውን በድቤው ምት ይደበድቡ ነበር። ጁነዲን ዌርሃውስ ውስጥ ዘፈኑ ሲከፈት «ይሄ እኮ የእኔ ነው» ብሎ ለሥራ ባልደረቦቹ ነገራቸው። ስልካቸው ላይ ሲፈልጉ ያገኙት የሊዮንን ስም ብቻ ስለሆነ ሳቁበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ አልሄደም፤ ሊዮን ሲደውልለትም አያነሣም። «ራስህ ንገረው እንጂ» ስለው «ጋሼ፣ ስሜን ስጠኝ ብዬ ልለምን?» አለኝ።

ቅዳሜ ኦክቶበር 11፣ ከቀትር በኋላ በዚህ አገር ሰዓት አራት ገደማ፣ ከቀረጻው ወዲህ ሊዮን ጋራዥ የቀረውን ድቤ ለማምጣት በእኔ መኪና ጋሃና ሄድን። ጋራዡ ክፍት ነበር፤ ሊዮን አልነበረም። ጁነዲን ድቤውን ይዞት በሄደው ጋቢ ጠቀለለው። የሊዮን ቀይ ጊታር በማቆሚያው ላይ ነበር። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው በር ላይ ሆኜ «ይቺንም ለካሳ ጨምራት!» ብዬ ስለቀለድኩ ነው። ጁነዲን ከውስጥ «ጋሼ፣ በአላህ፣ የሰው ዕቃ ነው!» ብሎ ተቆጣኝ። ጊታሩን አልነካነውም።

ነገር ግን ከበሩ በላይ ካሜራ አለ። ካሜራው የእኔን ቃል ሲቀዳ የጁነዲንን መልስ አልያዘም። የሚታየው እሱ በጋቢ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ተሸክሞ ሲወጣ ነው። በዚያው ዕለት ሊዮን ጊታሩን ስላጣው ለፖሊስ አመልክቷል። ኦፊሰር አምሃ ቅጂውን ሲያሰማኝ በድምፄ ውስጥ ሳቅ እንዳለ እንዲመዘግብ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ሳቁ በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ይጠፋል» ብሎኛል።

ጁነዲን በሚቀጥለው ወር የዜግነት ኢንተርቪው አለው። ዘፈኑ ላይ ያልተጻፈው ስሙ የሌብነት ክስ ላይ ቢጻፍ ምን እንደሚከተል ለኦፊሰሩ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ጊታሩ ያለበትን አውቅ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አላውቅም ብዬ በመመለስ ላይ ሳለሁ የበሩ ደወል ጮኸ። ኩሽና ሆኖ ይጠብቅ የነበረው ጁነዲን ሄዶ ከፈተ። የመጣው ሊዮን ነበር፤ ቀዩን ጊታር ትከሻው ላይ አንግቷል። ሊዮን ኦፊሰሩ እዚህ መኖሩን አላወቀም። ጊታሩን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አንድርያስ ክር ሊያስቀይርለት ሳይነግረው ወስዶት እንደነበርና ዛሬ እንደመለሰለት በእንግሊዝኛ ተናገረ። «ሶሪ» አለ። ጁነዲን በሩን መልሶ ሊዘጋ ገፋ አደረገው።

«ስምህን ላስገባ ብዬ ጠይቄህ ነበር፤ አንተ ነህ እምቢ ያልከው» አለ ሊዮን።

«አንዴ ብቻ ጠይቀህ!» አለ ጁነዲን።

ሊዮን ግራ ተጋብቶ እኔን አየ፣ ኦፊሰሩን አየ። ኦፊሰር አምሃ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ሊዮን «እና አሁን ስምህን...» ብሎ ሲጀምር ጁነዲን ሳያስጨርሰው «ጻፍ!» አለው።

ያየሁትን እንዳየሁ፣ የቀለድኩትንም እንደቀለድኩ ተናግሬያለሁ። ቃሌ ተነቦልኝ፣ የጎደለ ነገር ባለመኖሩ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ግርማቸው አንተነህ
ቃሉን የተቀበለው ኦፊሰር ፊርማ፦ አምሃ