ለቶለሳ ዋስ የሆንኩ ዕለት

ሰው እረዳለሁ ብዬ የሠራሁትን ስሙኝ። ጓደኛዬ ቶለሳ ነቀምት፣ ጠቅላይ ግዛቱ ቢሮ፣ የምስጢር ቴሌግራም ተቀባይ ሊሆን ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ሹሙ አስጠራኝና፣ «ታስሮ ያውቃል?» አለኝ። በጎረምሳነቱ አርጆ ላይ በቅሎ ሰርቆ መታሰሩን አውቃለሁ። እንጀራውን እንዳልዘጋበት ብዬ፣ «ንጉሥ ይሙት፣ አያውቅም!» አልኩ።

ሹሙ ትክ ብሎ አየኝ። «እሱ ራሱ ጠዋት ነግሮኛል። የልጅነት ነገር ነው ብዬ ልቀጥረው ነበር። በንጉሥ ስም የሚዋሽ ዋስ ይዞ ለመጣ ሰው ግን ምስጢር አላስይዝም።»

ቶለሳ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። የሆነውን ነገርኩት። አቀርቅሬ መንገድ ጀመርኩ። ገበያው መሀል ስንደርስ ክንዴን ያዘና፣ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ቀና በል እንጂ! ሌባው እኔ ነኝ እኮ!» አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማው።