ሁለት ሐረገወይን

(ድሬዳዋ፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ፤ ማሽኑ የደንጊ ቫይረስን ዘረመል አንብቦ ጨርሷል፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር አምደብርሃንና ውጤቱን የምትተነትነው ኢክራም ሪፖርቱ ላይ ተፋጥጠዋል።)

አምደብርሃን፦ ላኪው ብያለሁ፣ ኢክራም። ጤና ቢሮው ሲደውልልኝ ነው የዋለው፤ ጆሮዬ ዛለ።

ኢክራም፦ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ዶክተር። ከታማሚዎቹ ሁለቱ አንድ ሰው መሰሉኝ።

አምደብርሃን፦ ደግሞ ምን መጣ? ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ተተክለሽ ዓይንሽ ደክሞ ነው።

ኢክራም፦ ደክሞኛል፣ አልዋሽዎትም። ግን ይቺን ይዩልኝ። ከፍሪጅ ያወጣነው የአምናው ደም ሐረገወይን ታደሰ ይላል። የሰሞኑም ሀረገወይን ታደሰ።

አምደብርሃን፦ ታዲያ ሞክሼ ናቸዋ።

ኢክራም፦ ሞክሼዎቹስ ፊደሎቹ ናቸው። አምና የመዘገባት በሐመሩ ሐ ጻፋት፣ ዘንድሮ የመዘገባት በሃሌታው ሀ። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል፣ ሁለት ሰው አደረጋት። ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ ስልኩ ግን አንድ ነው።

አምደብርሃን፦ ቫይረሱስ?

ኢክራም፦ የጨነቀኝ እሱ ነው። ከአራቱ የደንጊ ዓይነቶች የአምናው አንደኛው ነው፤ የዘንድሮው ሦስተኛው።

አምደብርሃን፦ ይኸው፣ ሁለት ቫይረስ፣ ሁለት ሰው። አለቀ።

ኢክራም፦ አንዷ ሁለቴ ታማ ቢሆንስ? ደንጊ በሌላ ዓይነት ሲደግም እንደሚከፋ ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት።

አምደብርሃን፦ ኤጭ። ፈርሜ የጨረስኩትን ሪፖርት እንደገና ላፍርሰው? በቃኝ እኮ። ነገ እናርመዋለን።

ኢክራም፦ ሪፖርቱ ለነገ ይደርሳል። ሴትዮዋ ግን... ሆስፒታል ደውዬ ነበር። በዚሁ በሀ ፈልገው የአምናውን ካርዷን ስላጡት አዲስ አውጥተውላታል። መጀመሪያዋ ነው፣ ትኩሳቷም ወርዷል ብለው ጠዋት ወደ ቤቷ ሸኝተዋታል።

አምደብርሃን፦ ትኩሳቱ ሲወርድ አይደል እንዴ የሚብሰው።

ኢክራም፦ እኔስ ምን አልኩ? እሷ ጋም ደውዬ ነበር፣ ባሏ ቁጥሩን ስላላወቀው ሳያስጨርሰኝ ዘጋብኝ። ሐኪም ሲደውልለት ግን ይሰማል።

አምደብርሃን፦ ምን ልበለው? በአንዲት ፊደል ተሳስተን ነው ልበለው? አፈርኩ እኮ። በይ ቁጥሩን አምጪው።

ኢክራም፦ ይኸው፣ እየጠራ ነው።

አምደብርሃን፦ ሄሎ፣ ባለቤቷ ነህ? ዶክተር አምደብርሃን እባላለሁ። አትዝጋው ወንድሜ። እንዴት ናት? ... ከመቼ ጀምሮ? ... ስማኝ፣ አሁኑኑ ባጃጅ ያዝና ሆስፒታል መልሳት። ሻንጣ ምናምን አትበል፣ እንዳለች ይዘሃት ና።

ኢክራም፦ ምን አለዎት?

አምደብርሃን፦ ቤት ከገባች ጀምሮ ታስመልሳለች፣ ድዷም ይደማል። «ድናለች ስላላችሁኝ ነው እኮ ዝም ያልኩት» ይለኛል። ተነሺ፣ ሆስፒታል ቀድመናቸው እንድረስ።