ውጤታቸው ደኅና፣ ሕመማቸው እውነት፦ የእኅታችን ዜና ሕይወት

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጥቂት ታገሡኝና አድምጡኝ። ዕድሜ ልኬን «አንቺ» እያልኩ የተጨቃጨቅኋቸውን ታላቅ እኅቴን ዛሬ «እርሳቸው» ብዬ አነባለሁ፤ ቢሰሙኝ ኖሮ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

እኅታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከመምህርቷ እናታችን የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት የተወለዱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ በትምህርታቸው ብርቱ ቢሆኑም ከዐሥራ አራት ዓመታቸው ጀምሮ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከክፍል ይቀሩ ነበር። እናታችንም ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሆዳቸው ላይ እያደረጉ «የሴት ወግ ነው፣ ያልፋል» ይሏቸው ነበር።

በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው በአንድ ሆስፒታል የደም ምርመራ ክፍል ከተቀጠሩ በኋላ፣ ማይክሮስኮፕ ሊጠግኑ ከመጡ ባለሙያ ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ፤ የታየው ሁሉ ተለቅሞ ወጣላቸው፣ እኛም ተገላገሉ ብለን እፎይ አልን።

በሁለተኛው ዓመት ሕመሙ ሲያገረሽባቸው ሐኪሙ በደማቸው ውስጥ ያለው የበሽታው ጠቋሚ ምልክት እንዲለካ አዘዙ። መሣሪያውን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ የገዛ ደማቸውን በገዛ እጃቸው መርምረው፣ ቁጥሩ ደኅና መሆኑን ጽፈው ፈረሙበት። ይህች ፊርማ ጉድ አፈላችባቸው። አልጋ ላይ ተጣጥፈው ሲያቃስቱ ወረቀቱን አንሥቶ «ራስሽ ደኅና ነኝ ብለሽ ፈርመሽ የለም እንዴ? አታካብጂ!» ያላቸው ሰው ይህን የሚያነብላችሁ ወንድማቸው ነው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ሕመማቸው አንድ ቃል አልነገሩኝም። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሲደረግ በሽታው አንጀታቸውን ከማሕፀናቸው ጋር አጣብቆት ተገኘ።

ካገገሙ በኋላ ሴት ልጃቸውን ወለዱ፤ ወደ ሥራቸውም ተመልሰው፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሴቶች በየሦስት ወሩ ደማቸውን እየለኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ተከታተሉ። በሽታው ሊመለስ መሆኑን አስቀድሞ የሚያሳብቅ ምልክት ሲፈልጉ፣ በአንዷ ቁጥሩ ከፍ ብሎ በሽታው ሳይመለስ፣ በሌላዋ ዝቅ ብሎ በሽታው ተመልሶ ስላገኙት፣ ብቻውን የሚታመን ቁጥር አላገኘሁም ብለው ሳያፍሩ ጻፉ። በምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ግን «ታካሚዋ ምን አሉ?» የሚል መስመር አስጨመሩ፤ መስመሩ ባዶ ከሆነ ደሙን አልቀበልም እያሉ ስለሚመልሱ ሐኪሞቹ «ወይዘሮ ይመለስ» የሚል ስም አወጡላቸው። ልጃቸው በዐሥራ ሦስት ዓመቷ «አመመኝ» ያለች ዕለት ሥራቸውን ጥለው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት።

ባለፈው ወር በሳንባ ምች ታመው ተኙ፤ ከትናንት በስቲያም ዐረፉ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያዘዙኝ እርሳቸው ሲሆኑ፣ በቀብር ሁሉ የሚነበበውን «ሕመማቸውን በትዕግሥት ችለው» የሚል ቃል እንዳላስገባ አስምለውኛል። ስለዚህ አላስገባሁም። እኅታችን አሟቸው ነበር፤ ነግረውን ነበር፤ እኛ አላመንናቸውም። ይቅርታ ለመጠየቅ ሠላሳ ዓመት ነበረኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ቀደሙኝ። ይቆጨኛል፣ እጅግ ይቆጨኛል።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። የልብን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ሕመም በሌለበት ያሳርፍልን፤ እኔንም እርሳቸው ይቅር ይበሉኝ።