ባንኮኒውን ያዞርን ቀን

ክቡራትና ክቡራን! ክቡራን ስል ከኋላ ሆናችሁ የምትስቁትን አስተናጋጆችም ጭምር ነው። ቤቱን ዘግታችሁ፣ ለእኔ መሰናበቻ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ የሰው ወሬ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እናንተ ስሙኝ። ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ነው የምናገረው፣ አትታዘቡኝ።

የማወራው ስለ ራሴ አይደለም። ስለ ጋሼ ነው፣ ስለዚህ ቤት ባለቤት።

አዎ፣ ፊታችሁ ሲለወጥ አየሁ። የዛሬ ዓመት ስንቀብረው ስንቶቻችን ነን ከልባችን ያለቀስነው?

ጋሼ ወደዚህች ከተማ ሲመጣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበር። አንድ ሻንጣ፣ ከዚያ ሌላ ምንም። ቋንቋውን ስለማያውቅ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ እያለ የከተማውን ሰዎች ያስቃቸው ነበር አሉ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ይህን ክፍል ተከራየ፤ ያኔ የእህል መጋዘን ነበር። ባንኮኒውን ከማሽን ማሸጊያ ጣውላ በገዛ እጁ ሠራው። ሦስት ወር ሙሉ የገባ ሰው የለም፤ "የመጤው ቤት" ብለው ያልፉታል። እሱ ግን በየማለዳው ብርጭቆውን ወልውሎ፣ በሩን ከፍቶ ይቆማል። በመጨረሻ ዝናብ አባረራቸውና ገቡ። ከገቡ በኋላማ ማን ያስወጣቸው!

ሥራ ስጀምር ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ "ያነሳኸውን እዚያው መልስ።" እዚያ አካባቢ አይደለም፣ እዚያው! "ሚሊሜትር" ብለን ስም ያወጣንለት ለዚህ አይደል? አውጪው እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ጠዋት የጠርሙስ መክፈቻውን ፈንጠር አድርጌ አስቀመጥኩ። ጋሼ ባንኮኒውን በመዳፉ እየዳበሰ ፈለገው። መክፈቻው አፍንጫው ሥር ነበር።

"ጋሼ፣ አይታይህም እንዴ?"

ሄዶ በሩን ዘጋው። "ዓይኔ እያለቀ ነው። ሐኪሙ አይድንም ብሎኛል" አለኝ። "ለማንም እንዳትናገር። በሰው አገር ሆኜ ዕውር ነው ከተባልኩ ቤቱን ይዘጉብኛል። በእናትህ ማልልኝ።"

ማልኩ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ይህ ሰው ፊታችሁ ቆሞ በልምድ ብቻ ሲቀዳ ነበር። አንድ ጠብታ ሲያፈስ ያየ አለ?

ከዚያ የእህቱ መርዶ መጣ። ዘመድ መጥቶ አገሩ ወሰደው፤ ሦስት ሳምንት ቆየ። እናንተም "ሲመለስ ሐዘኑን እናስረሳው" አላችሁ። በቀናነት ነው፣ ምስክር ነኝ። ሼፍ፣ የግድግዳውን ቀለም የመረጥሽው አንቺ ነሽ። መደርደሪያው በአዲስ ተተካ፣ ባንኮኒው ወደ መስኮቱ ይዙር ተባለ። እኔስ? "ቀለም ብቻ አይበቃም?" አልኩ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ባንኮኒውን ስታነሱ አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። መሐላዬን ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው። ደስታችሁን ማበላሸት ፈርቼ ነው። ደግሞ ይለምደዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

የመጣ ቀን ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። አጨበጨባችሁ። እሱ ቀጥ ብሎ ባንኮኒው ወደነበረበት ሄደና እጁን ዘረጋ። ምንም የለም። ዞር ሲል በክርኑ ብርጭቆዎቹን አረገፋቸው። እናንተ ምስጋና ስትጠብቁ እሱ "ማን ነካው?" አለ። ሼፍ ሽርጥሽን ወርውረሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነስቶ ባንኮኒ ኋላ አልገባም። እናንተም "ምስጋና ቢስ" አላችሁት። "መጤ ምንጊዜም መጤ ነው" ያለም አለ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ራሱ ያውቃል።

"ጋሼ፣ ልንገራቸው" ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት!

"ተው። ሊያስደስቱኝ ብለው ነው። ካወቁ ዕድሜ ልካቸውን ይቆጫቸዋል። ይልቅ ይቀየሙኝ።"

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቀለሙ ምንድን ነው?"

"ሰማያዊ።"

"ምን ዓይነት ሰማያዊ?"

"እንግዲህ ጋሼ፣ ሰማያዊ ነዋ!"

ሳቀ። "ሼፍ ከመረጠችው ያምራል" አለ።

ሼፍዬ፣ ሆስፒታል ሲተኛ "አልጠይቀውም" ብለሽ ቀረሽ። ለብቻሽ ልነግርሽ ስንቴ ወጥ ቤት መጥቼ፣ ሎሚ ጠይቄሽ ተመልሻለሁ! ተይ አታልቅሺ፤ አንቺ ከየት ታውቂ ነበር? የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንጀቴን የሚበላኝም ይኸው ነው።

እናቴ ካለፈች ቆይታለች፤ መሐላዬን ማፍረሴን ይቅር ትለኛለች። ጋሼ ይቅር ይበለኝ አይበለኝ እንጃ። ግን ስሙ እንዲህ እንደጎደፈ ትቼው ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በሉ ልመርቃችሁ። እጃችሁ አይዛል። ቤታችሁ ሰው አይጣ። ልጆቻችሁ ከእናንተ የተሻለ ኑሮ ይኑሩ። ፈጣሪ ደግሞ በሰዓቱ አፉን የሚከፍት ጓደኛ ይስጣችሁ። እኔ ለጋሼ አልሆንኩለትም።